የውባለም ርክርክ

መርሳ ውስጥ ባለጥልፍ ቀሚስ የፈለገች ሙሽራ ሁሉ የውባለምን ሱቅ ታውቃለች። የማታውቀው ያ ጥልፍ የሚጠልፍ እጅ ብራና ላይም የመጽሐፍ ጌጥ የሆነውን ሐረግ እንደሚስል ነው። ውባለም ይህን እየዞረች አታወራም፤ ኩራቷ ግን ከፊቷ ይነበባል። ደግሞስ እሷ ያልኮራች ማን ይኩራ?

አባቷ የኔታ ደሞዜ የድጓ መምህር ናቸው። ድጓ የዓመቱ የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተጻፈበት ትልቅ መጽሐፍ ነው። ከቃሉ በላይ በደቃቁ የሚሰፍር ምልክት አለው፤ ድምፁ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚርገበገብ ለዘማሪው የሚነግረው እሱ ነው። የኔታ ለደብራቸው አንድ ድጓ በእጃቸው ጽፈው ሊሰጡ ተስለው ነበር። ቃሉን ጨርሰው ምልክቱን እያኖሩ ሳሉ ዓይናቸው ፈዞ ፈዞ ጠፋ። ወልድያም ደሴም ሐኪም ዘንድ ተመላልሰው ጠብ ያለላቸው ነገር የለም።

ብራናውን በጨርቅ ጠቅልለው ባስቀመጡት ጊዜ ነው ውባለም ያልታሰበውን የተናገረችው።

"አባባ፣ አንቱ ያዚሙልኝ፤ ምልክቱን እኔ አኖራለሁ።"

"ሴት የድጓ ምልክት ስታኖር የት ታይቶ ያውቃል?" ያሉ አልጠፉም። የኔታ ግን ልጃቸው ተማሪ በደጃቸው ሲያዜም እየሰማች፣ ጓዳ ሆና አብራ እያንጎራጎረች ማደጓን ያውቃሉ። ሐሜተኛውን ከቁብ አልቆጠሩትም።

ጧት ጧት ሱቋን ከመክፈቷ በፊት በደጃቸው ካለው ማንጎ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። እሳቸው ያዜማሉ፤ እሷ የመቃ ብዕሯን ይዛ ታኖራለች። በየምዕራፉ ራስ ላይ ደግሞ ሐረጉን በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር እየጠላለፈች ትስለዋለች። እንዴት ያምር ነበር! አባቷ ግን አያዩትም።

የመጨረሻው የብራና ቅጠል ላይ ነገር መጣ። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ እየተርገበገበ መርዘም አለበት፤ ርክርክ ይሉታል። የኔታ ግን ሳያርገበግቡ ቁልቁል ጣሉት። "እስቲ ይድገሙልኝ" አለች። ደገሙት፤ ያው ነው። በድጓ ቤት ተማሪ መምህሩ ካሉት ውጭ አንዲት ጭረት አይጨምርም፤ መምህር ማረምማ አይታሰብም። ውባለም ብዙ አመነታች። በመጨረሻ ከልጅነቷ የምታውቀውን ርክርክ አኖረችና ምንም አልተናገረችም።

ድጓው ሳይታረም አይጠረዝም። ሌላ ዐዋቂ እያየ ያዜማል፣ መምህሩ ይሰማሉ፤ ያልተስማማው በቢላ ይፋቃል። ለእርማቱ ከግራና ከተማ የመጡት የየኔታ የቀድሞ ተማሪ፣ መሪጌታ መላኩ ናቸው። ያ የመጨረሻው ቅጠል ስስ ስለሆነ ከተፋቀ ይበሳል፤ በጀርባው ያለው ሐረግም አብሮ ይሄዳል። ውባለም ግን ከብራናው ይልቅ አባቷን ፈራች። "ልጄ ዓይኔን አይታ ናቀችኝ" ካሉ መጽሐፉን መልሰው እንደሚጠቀልሉት አልጠፋትም።

መሪጌታ መላኩ እዚያ ቦታ ደረሱና ድምፃቸውን አርገበገቡት። የኔታ እጃቸውን አነሡ።

"ቁም! እዚህ ላይ ርክርክ ያኖረው ማነው?"

መሪጌታ ቢላቸውን ከአፎቱ መዘዙ።

"እኔ ነኝ አባባ" አለች ውባለም።

"እኔ እንዲህ አልኩሽ?"

"አላሉኝም።"

"ታዲያ ከየት አመጣሽው?"

"ደህና ሳሉ ከሚያዜሙት።"

የኔታ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ውባለም የሚያለቅሱ መሰላት፤ እየሳቁ ነበር።

"መላኩ፣ ቢላህን መልስ። ትንፋሼ አልበቃ ሲለኝ ነው የዘለልኩት። ማን ያውቅብኛል ብዬ!" ወደ ልጃቸው ዞሩ። "መጨረሻው ላይ ስሜን ጻፊ። ከሥሩ ያንቺን።"

"የሴት ስም እኮ…" አሉ መሪጌታ፣ አነጋገራቸውን እየመረጡ።

"የተማሪዬ ስም ነው" አሉ የኔታ።

ያን ሁሉ ዘመን ልጄ ይሏት ነበር እንጂ ተማሪዬ ብለዋት አያውቁም። ውባለም ብዕሯን ቀለም ነክራ ሁለቱንም ስም ጻፈች።