እናቴ በስብሰባው ላይ የተናገረችው

እህቴ ለክልሉ ምክር ቤት ከመመረጧ በፊት፣ ከእኛ ደሴት ተነሥቶ እዚያ የደረሰ ሰው አልነበረም። ወንጪ ሐይቅ መሀል ባለችው ደሴት የምንኖረው ጥቂት ቤተሰቦች ነን፤ ትምህርት ቤት የምንሄደው በታንኳ ተሻግረን፣ ከዚያ ዳገቱን ወጥተን ነበር። እሷ በዚያ መንገድ ተምራ አስተማሪ ሆነች፤ በኋላ ደግሞ ሕዝቡ ራሱ «አንቺ ተናገሪልን» ብሎ ላካት። ገብታም ዝም አላለችም። ባል የሞተባቸው ሴቶች መሬታቸውን እንዳይነጠቁ ተከራከረች። ከሁሉ በላይ ግን አጥብቃ የያዘችው የጠለፋን ነገር ነበር።

ምክር ቤቱ ሲዘጋ መራጮቿን ልታነጋግር ትመጣለች። እኔም ከማስተምርበት ከአምቦ አብሬያት እሄድና ቃለ ጉባኤ እይዝላታለሁ። አንድ ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ሐይቁ ዳር ባለ ትምህርት ቤት ግቢ ሰው ተሰበሰበ። ያን ሰሞን አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ተጠልፋ ነበር። ሽማግሌዎቹ ነገሩን በእርቅ ጨርሰው ልጅቷን ለጠላፊው ሊድሯት ተስማምተዋል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አባታችን ነው።

እህቴ ተነሥታ፣ «ይሄ እርቅ አይባልም። ልጅቷ ወደ ቤቷ ትመለስ፤ ጠላፊው ፍርድ ቤት ይቅረብ» አለች።

ከአባታችን ጎን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ እንዲያውም የሚያባብሏት ይመስሉ ነበር።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ጠለፋ እኮ ቤት አያፈርስም። አንቺስ ከየት መጣሽ? እናትሽን ከአባትሽ ጋር ሆነን ያመጣናት እኛ አይደለንም እንዴ? ይኸው አንቺን የመሰለች ሰው ወለደች።»

እጄ ወረቀቱ ላይ ቆመ። አንዳንዶቹ ሳቁ። ሁሉም ያውቁ እንደነበር የገባኝ በዚያ ሳቅ ነው። የማናውቀው እኔና እህቴ ብቻ ነበርን። ወደ አባቴ ዞርኩ፤ አቀርቅሮ መሬት መሬት ያያል። በልጅነቴ ትኩሳት ሲይዘኝ አዝሎ ዳገቱን የወጣ፣ በእናቴ ላይ እጁን ሲያነሣ አይቼው የማላውቅ ሰው ነው። እህቴ ቆማ ቀርታለች። 

ያኔ ከሴቶቹ መሀል እናቴ ተነሣች። ሰው ፊት ቆማ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«አሥራ አራት ዓመቴ ነበር» አለች። «ከገበያ ስመለስ ያዙኝ። በታንኳ አሻገሩኝ፤ ዋና አልችልም። የቀረሁት ማምለጫ ስላጣሁ ነው እንጂ ወድጄ አይደለም። ልጆቼን እወዳቸዋለሁ። ይህችን ልጅ ግን ለእናቷ መልሷት።»

ተቀመጠች። አሁን የሚስቅ አልነበረም። አባቴ ቀስ ብሎ ተነሥቶ «እውነቷን ነው» አለ። ሌላ ነገር ይጨምራል ብዬ ጠበቅኩ። ወደ ውሃው ወረደና ብቻውን እየቀዘፈ ሄደ።

የእናቴን ቃል እንዳለ ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈርኩት። ስሟንም ከነአባቷ ጻፍኩት።

ልጅቷ በሳምንቱ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ሄደ። እናቴ አምቦ እኔ ዘንድ ከረመች። ያን ነገር አንድም ቀን አላነሣችውም፤ እኔም ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም። መስከረም ላይ «ደጄን ሣር በልቶታል» ብላ ወደ ደሴቷ ተመለሰች። ከአባቴ ጋር ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እህቴን በሚቀጥለው ምርጫ ዕጩ ያደረጋት ሰው የለም። የአባቷን ገመና አደባባይ ያወጣች ተባለች፤ ያወጣችው እሷ ባትሆንም። አሁን ጎጆ በምትባል ከተማ ታስተምራለች። ልጠይቃት የሄድኩ ቀን «ጠርጥረሽ ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«በፍጹም» አለችኝ። «ያን ሁሉ ዓመት የምናገረው ስለ ሰው እናት ይመስለኝ ነበር።»