የቆቃ መብራት ቤታችን የገባ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ሲዋጉ የከረሙ የሁለት አገር ሹማምንት ሲፈራረሙ በቴሌቪዥን አየን። ተሸናፊው ያፈረሰውን ሊያሠራ ተስማምቷል፤ ከዚያ ጭብጨባ ሆነ። አጠገቤ የተቀመጠችው የልጅ ልጄ ከስልኳ ቀና ብላ፣ «እማዬ፣ ካሳ ሲከፍሉ በቃ ይታረቃሉ ማለት ነው?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለኛል። ሐሳቤ የልጅነት ቤቴ ሄደ፣ ያው እዚሁ ኮልፌ።

ያን ጊዜ ኮልፌ የከተማ ዳር ነበር። በአስኮ መንገድ እንጨት የጫኑ አህዮች ይመላለሳሉ፤ በክረምት ጭቃው ጫማ ያስቀራል። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደርሶብኝ በኩራዝ አጠናለሁ። ጭሱ ዓይኔን አቃጥሎ ሊያሳውረኝ ደርሷል። ከአጥራችን ማዶ ጁዜፔ የሚባል መካኒክ ነበር፤ የጣሊያን ጦር ሾፌር ሆኖ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ጋራዡ መብራት ስለነበረው፣ ከቆጣሪው ገመድ ልሳብላችሁ ብሎ እናቴን ለምኗታል።

አባቴ ግን አሻፈረኝ አለ። አርበኛ ነበር፤ ታናሽ ወንድሙን ጣሊያን ሰቅሎበታል። መንግሥት ከጣሊያን ታርቆ፣ በጦር ካሳው የቆቃን ግድብ አሠርቶ፣ ጋራዡ ድረስ የመጣው የግድቡ መብራት ወሬ ሰፈሩን የሞላበት ጊዜ ነበር። «የወንድሜ ደም ጣሪያዬ ሥር አይበራም» አለ።

እኔ ደግሞ ነገር ካልገባኝ አልተኛም። «አባባ፣ መንግሥት ከታረቀ እርስዎ ለምን አይታረቁም?» አልኩት።

«የደም እርቅ አይተሽ አታውቂም? ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ ይመጣል። ሽማግሌው ድንጋዩን ያወርድለታል። ካሳው ከዚያ በኋላ ነው። እነሱ ካሳውን አስቀደሙ። እኔ ድንጋይ የተሸከመ ሰው አላየሁም።»

ይህ በጣም ገረመኝ። በማግስቱ ጎማ ሲፈታ ላገኘሁት ለጁዜፔ አባቴ ያለውን እንደ ወሬ አወራሁለት። «ድንጋዩ ምን ያህል ነው?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ።

እሑድ፣ ምሳ ቀርቦ አባቴ እጁን ሲታጠብ፣ ጁዜፔ አንገቱን ደፍቶ በበራችን ገባ። ሙሉ ልብስ ለብሷል። ማጅራቱ ላይ ለመኪና ጎማ ታኮ የሚያደርገውን ድንጋይ ተሸክሟል፤ ድንጋዩ ላይ ያለው የመኪና ቅባት ኮቱን አቆሽሾታል። አባቴ እጁን ሳያደርቅ ቀና ብሎ አየው።

«ወንድሜን የሰቀልከው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም። እኔ ሾፌር ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን ተሸከምክ?»

«ሌላ የሚሸከም አልመጣም፣ አቶ ተሰማ።»

አባቴ ፊቱን አዞረ። ዓይኑ እንባ ሲያቀርር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቆይቶ «ሽማግሌስ የታለ?» አለ። ጁዜፔ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ፤ ሽማግሌ እንደሚያስፈልግ አልነገርኩትም ነበር።

«ነገሩን ያመጣሽው አንቺ ነሽ» አለኝ አባቴ። «በይ ሽማግሌ ሁኚ። አውርጂለት።»

ሴት ልጅ፣ ያውም ተማሪ፣ የደም ሽማግሌ ስትሆን ማን ሰምቶ ያውቃል? እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔም ድንጋዩን አወረድኩለት። አባቴ በአግዳሚው ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለትና ከአንድ ትሪ ሽሮ በሉ። ሲጨርሱ፣ «ካሳውን መንግሥት ወስዷል» አለው። «ይቅርታው ግን የኔ ነበር። እሱን እኔ ሰጥቼሃለሁ።»

በዚያው ሳምንት መብራት ገባልን፤ ፈተናውንም አለፍኩ። መንግሥት ካሳውን መቀበሉ ልክ ነበር ወይ ብትሉኝ ዛሬም አላውቅም። ያለዚያ ገንዘብ ግድቡ አይሠራም ነበር። ግን አባቴን የጠየቀው ማን ነው?

ለልጅ ልጄ ይህን ሁሉ ነገርኳት። «እና አባባ ከልባቸው ታረቁ?» አለችኝ። ታርቋል አልኳት። ከጁዜፔ ጋር እስከ መጨረሻው ተጠያይቀዋል፤ ጁዜፔ ሲሞትም አባቴ ቀብሩ ላይ ቆሟል። ማብሪያውን ግን እስኪሞት ድረስ በእጁ ነክቶ አያውቅም። ሲመሽ ጨለማው ውስጥ ተቀምጦ፣ ከእኛ አንዳችን መጥተን እስክናበራለት ይጠብቅ ነበር።