የገለፈቱ ጉድጓድ

በደርግ ጊዜ፣ ከጅማ ወደ አጋሮ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ረዳት ኦፕሬተር ሆኜ ስቀጠር፣ የመጀመሪያ ቀኔን ያሳለፍኩት ማብላያ ገንዳ ውስጥ ነው። ልሠራ ገብቼ አይደለም፤ አንሸራቶኝ ነው። የተፈለፈለ ቡና የሚያሙለጨልጭ ልጋግ አለው፤ እሱ እስኪለቅ ድረስ ገንዳ ውስጥ ይቀመጣል። አለቃዬ ጋሽ ደምሴ፣ ዋናው ኦፕሬተር፣ ጠርዙ ላይ ቆሞ ቁልቁል አየኝ።

«እዚያው እንዳለህ ቡናውን እሸው» አለኝ። «እንደ ጠጠር ከሻከረህ ደርሷል።»

አሸሁት። «አሁንም ያሙለጨልጫል» አልኩ።

«እንግዲያው አልደረሰም። ውጣ።»

ሥራውን እንዲህ ተማርኩ። ቀይ እሸት ቡና ከገበሬው ተረክበን መቀበያ ገንዳ ውስጥ እንጨምራለን። የተንሳፈፈውን ለቅመን የሰመጠውን ወደ መፈልፈያ ማሽኑ እንለቃለን። ፍሬው በአንድ በኩል፣ ገለፈቱ በሌላ በኩል ይወጣል። ፍሬው ተብላልቶ፣ ታጥቦ፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል። ገለፈቱ ግን በቦይ ቀጥ ብሎ ወንዝ ይገባል። ስለ ፍሬው የሚጠይቀን የበላይ አካል ብዙ ነበር፤ ገለፈቱን ያነሳብን አንድም አልነበረም።

የምኖረው ከጣቢያው በታች፣ አዴ ዘይነባ ግቢ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። እዚያ አገር እናቶችን «አዴ» ብለን ነው የምንጠራው። አዴ ዘይነባ ወተትና እርጎ እየሸጡ የሚተዳደሩ፣ አንደበታቸው የማይያዝ ሴት ነበሩ። ቡና ሲደርስ ወንዙ ይጠቁራል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ይገማል። የታጠበበት ሰው ሲያክ ይውላል። የእሳቸው ላም ደግሞ አፏን ወደ ውኃው ታስጠጋና ሰው እንደሰደባት ሁሉ ፊቷን ታዞራለች።

አንድ ጠዋት አዴ ላሚቱን እየነዱ ጣቢያው በር ላይ መጡ። ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ጌታሁን፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካ ከድንጋይ ድንጋይ የሚዘል ሰው፣ ብቅ አለ።

«እማማ፣ ይቺ ላም እዚህ ምን ትሠራለች?»

«ውኃ እንድታጠጡልኝ ነው። የሷን እናንተ ወስዳችኋል።»

«ይህ ቡና እኮ ለአገር የውጭ ምንዛሪ ያስገባል!»

«ወላሂ ደስ ይለኛል። እስቲ ትንሽ በባልዲ አድርጉላትና ትጠጣው።»

እኛ ሠራተኞቹ ሳቃችንን ለመደበቅ ወደ ማሽኑ ዞርን። ጓድ ጌታሁን አልሳቀም። «እማማ፣ ምርት ማደናቀፍ ምን እንደሚባል ያውቃሉ? የኢኮኖሚ አሻጥር ይባላል» አለ። የእኛም ሳቅ እዚያው ቀረ። በዚያ ዘመን በዚህ ቃል ተጠርጥሮ የተወሰደ ሁሉ አልተመለሰም። አዴ ላሚቱን በገመድ እየሳቡ ተመለሱ።

ከሥራ ስመለስ፣ «አዴ፣ ይተዉት» አልኳቸው።

«ፈራህ እንዴ፣ ኢልማ ኮ?» ልጄ ማለታቸው ነው።

«አዎ።»

«እኔም ፈርቻለሁ። ላሟ ግን አልፈራችም፤ እምቢ ብላለች።» ትንሽ አሰቡና፣ «ያ ገለፈት ሌላ የት ሊገባ ይችላል?» አሉ።

ጉድጓድ ቢቆፈርለት እዚያው በስብሶ ማዳበሪያ እንደሚሆን፣ ጋሽ ደምሴም ይህንኑ ጠይቆ ሥራ አስኪያጁ በምርት ወቅት ቆፋሪ አልመድብም እንዳለው ነገርኳቸው።

«ቆፋሪስ እኛ ነን» አሉ።

«ያለ ፈቃድ ዶማ ይዛችሁ ብትገቡ ያሳስራችኋል።»

«እንግዲያው በፈቃድ እንገባለን» ብለው እርጓቸውን መናጥ ቀጠሉ።

ፈቃዱን ራሱ ጓድ ጌታሁን ሰጣቸው። ከአውራጃ ትልቅ ባለሥልጣን ጣቢያውን ሊጎበኝ ይመጣል ተባለና የሠፈሩ ሴቶች በሙሉ ለድጋፍ ሰልፍ እንዲወጡ ታዘዘ። «የሰፊውን ሕዝብ ትጋት የሚያሳይ መሣሪያ ይዛችሁ ኑ» ብሎም አዘዘ። ሴቶቹ ዶማ በትከሻቸው፣ ገንቦ በጀርባቸው ይዘው መጡ። ጓድ ጌታሁን ሲያያቸው በደስታ እጁን አፋተገ።

አዴ ዘይነባ ከፊት ሆነው መፈክር ያወርዳሉ። «ምርት ይደግ!» ሲሉ ሁላችንም «ይደግ!» አልን። «ወንዛችን ይጥራ!» ሲሉም ሁላችንም «ይጥራ!» አልን። እንግዳው ግራ እጁን ጨብጦ ከፍ ካደረገና «ይጥራ!» ካለ በኋላ ነው ምን እንዳለ ያስተዋለው።

ቢሮው ደጃፍ በተጣለው ዳስ ሥር ምሳ ቀረበ። አዴ ገንቧቸውን አውርደው እንግዳውን ሊያስታጥቡ ቀረቡ። ውኃው እጁ ላይ ሲፈስ ሰውየው እንደ ተቃጠለ ሰው ብድግ አለ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ወንዛችን ነው፣ ጓድ። ዛሬማ ለእርስዎ ክብር ብለን ጠራ ያለውን መርጠን ነው የቀዳነው።»

ጓድ ጌታሁን ጆሮዬ ሥር፣ «ሴትዮዋን አስወጣልኝ» አለ። እኔ ግን ካለሁበት አልሄድኩም። «አሻጥር» የምትለዋ ቃል ከማን አፍ ቀድማ እንደምትወጣ እየጠበቅሁ ነበር።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?» አለ እንግዳው።

አዴ ወደ ጓድ ጌታሁን እንኳ አላዩም። «ማንም አይደለም፣ ገለፈቱ ነው» አሉ። «ጉድጓድ ያስፈልገዋል። ይኸው ዶማችንን ይዘን መጥተናል። የመጀመሪያውን እርስዎ ይባርኩልን።» ዶማውንም እጁ ላይ አኖሩለት።

ሕዝቡ አጨበጨበ። በሰፊው ሕዝብ ፊት ዶማ አልይዝም የሚል ባለሥልጣን የለም። እንግዳው የቆመበትን መሬት ደጋግሞ ቆፈረ። ቀጥሎ ጓድ ጌታሁን ከነጫማው ገባ። ከዚያ ሴቶቹ ተቀበሉ። እንግዳው ከመሄዱ በፊት ባደረገው ንግግር ጉድጓዱ ከመጀመሪያውም የአውራጃው ዕቅድ እንደነበረ አስረዳን። አዴ ከሁሉም በላይ አጨበጨቡ።

ችግሩ ቦታው ነበር። እንግዳው የቆፈረው የሥራ አስኪያጁ ቢሮ መስኮት ሥር ነው። ጋሽ ደምሴ ጉድጓዱን ከቢሮው ራቅ ብለን ብንቆፍረው ይሻላል ቢል፣ ጓድ ጌታሁን፣ «ባለሥልጣን የጀመረውን ማን ያዛውራል? በኋላ ምን ሊባል!» ብሎ ደነገጠ። እኛም ገለፈቱን እዚያው ገለበጥን። ሲበሰብስ ሽታውን አልነግራችሁም። ጓድ ጌታሁን መስኮት ሲዘጋ በሙቀት፣ ሲከፍት በዝንብ ያን ወቅት አሳለፈ። በመጨረሻም አዳዲስ ጉድጓዶች ራቅ ብለው እንዲቆፈሩ ራሱ አውራጃ ድረስ ሄዶ አስፈቀደ። በምርት ወቅት ቆፋሪም መደበ።

ወንዙ ሙሉ በሙሉ አልዳነም፤ የእጥበቱ ውኃ ለብዙ ዓመት እዚያው ሲገባ ኖሯል። ገለፈቱ ከቀረለት በኋላ ግን አረፋው ጠፋ፤ ላሚቱም ጠጣች። የዚያን ዕለት አዴ አንድ ቅል እርጎ ይዘው ጣቢያው መጡና ለሁላችን አጠጡን፤ ጓድ ጌታሁን ሁለት ጊዜ አስቀዳ።

በዚህ ሙያ ጡረታ እስክወጣ ሠርቻለሁ። ዛሬ ማጠቢያ ጣቢያ የሚያቋቁሙ ወጣቶች ምክር ሲጠይቁኝ የምለው አንድ ነው፤ የኃላፊውን ቢሮ ከቆሻሻው አጠገብ ሥሩት።