ከስሙ በፊት እግሩ

ዛሬ ማምሻውን የግቢያችን የቆርቆሮ በር ተንኳኳ። ሰሞኑን ደብረ ብርሃን የሚወራው ስለ መንገድ መዘጋትና ስለማይታወቁ ሰዎች ብቻ ነው። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ "እንዳትከፍቺ!" ብላ እጄን ያዘችኝ።

ከውጭ አንዲት ሴት "የእግዜር እንግዳ ነን፤ ከነልጄ መሸብኝ" አለች።

ልጅ ሳለሁ፣ ጣርማ በር በሚባለው አገራችን፣ ጉሙ ደጃችንን በሸፈነበት አንድ ምሽትም ቤታችን እንዲሁ ተንኳኳ፤ አንድ መንገደኛ ነበር። አገሩ በሽፍታ ወሬ ተሸብሮ ነበር። እናቴ ከኋላዋ ሸሸገችኝና "ኧረ አንቱ፣ የማን ወገን እንደሆነ እንኳ ጠይቁት!" አለች።

ቄሱ አባቴ መወርወሪያውን እየሳበ "እግሩ ይታጠብ፤ ስሙ ከእራት በኋላ ይደርሳል" አላት። "ወገኑን ጠይቀን ካስገባን፣ ያስገባነው ወገኑን ነው። እንግዳውማ ደጅ ቀረ።"

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። አባቴ ተንበርክኮ ጭቃ የጋገረበትን የሰውየውን እግር ያዘ። እናቴ ዓይኗን ከሰውየው ፊት ሳትነቅል ስታስታጥብ ውሃው የአባቴን ጉልበት አራሰው።

"ቀስ በይ" አላት በሹክሹክታ። "እሱም እኮ እኛን ፈርቷል።"

እንግዳ ስለ መቀበል ሲሰበክ እኔም ከሰው ጋር "አሜን" እላለሁ። ዛሬ ግን መቀርቀሪያው ላይ እጄ ከበደኝ።

"ከየት ነው የ..." ብዬ ጀመርኩ። ከበሩ ማዶ ሕፃኑ ሲያስል፣ እናቱም ቶሎ አፉን ስታፍነው ተሰማኝ።

የቀረውን ጥያቄ ዋጥኩት።

"ውሃ አሙቂልኝ" አልኳት ጓደኛዬን፣ መቀርቀሪያውን እየሳብኩ።