ያለዘብኩት ቃል

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄን ይዤ ተሰደን በመጣንበት አገር፣ ትሩጋኒና በሚባለው ሰፈራችን ያለው ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ነበር። አንዲት ሠራተኛ ከጠረጴዛው ጀርባ ቆማ በሥዕል የተሞሉ ወረቀቶችን በማሽን ላስቲክ ታለብሳለች። ማሽኑ ሲግል የሚወጣው የጋለ ላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካኝ ባለሁበት ቀረሁ። የልጅ ልጄ እጄን ጎተተችኝ። "ናና፣ ካም ኦን!" አለችኝ፤ ናና የምትለው አያቴ ለማለት ነው። "ቆይ እስቲ" አልኳት። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም።

የነበርኩት ከአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ጀርባ በተሠራች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ወጣት ነበርኩ ብል፣ ወዳጄ፣ ትስቂብኝ ይሆናል፤ አርባ ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ግን የእኔ ወጣትነት ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ጊዜ አልነበረኝም።

የድርቁ ዘመን ነበር። አትክልት በጎማ ማጠጣት ተከልክሎ፣ ሰዉ ሁሉ የሻወር ውሃ በባልዲ ያጠራቅም ነበር። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ቢጫ ሆኖ ልጆቹ ሲሮጡ አቧራው በመስኮት ይገባብን ነበር። ትምህርት ቤቱ ትንሽ ነው። በጀቱን ከመንግሥት እየወሰደ በራሱ ቦርድ የሚመራ፣ አስተማሪ ሲጎድለው ርዕሰ መምህሩ ራሱ ገብቶ የሚያስተምርበት ዓይነት ነው። ልጄ እዚያ ትማር ነበር። እኔ ደግሞ ዲር ፓርክ ካለው የዶሮ ማሸጊያ ፋብሪካ የጠዋት ሺፍቴን ጨርሼ፣ እጄ እንደቀዘቀዘ ልወስዳት እሄዳለሁ።

አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ አንዲት አስተማሪ በአንድ የአገሬ ሰው ላይ ትጮሃለች። እንግሊዝኛው ስላልገባው ነው የምትጮኸው፣ ጮክ ሲሉ የሚገባ ይመስል። አላስቻለኝም። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ "ደንቆሮ አይደለም! ቀስ ብለሽ ተናገሪ!" አልኳትና መሀላቸው ገብቼ አስተረጎምኩ። ከጠባቧ ክፍል በር ላይ አንዲት ሴት ስትስቅ ሰማሁ። አጭር፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች፣ ክረምት ከበጋ ሰንደል ጫማ የማታወልቅ። እንግሊዝኛ ገና የሚለምዱትንም፣ ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውንም ልጆች የምትመራው ኃላፊ እሷ ነበረች።

"ሥራ ትፈልጊያለሽ?" አለችኝ።

"ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት።"

"ዲግሪ ያላቸው ሞልተውኛል። የሚቆጣ ነው ያጣሁት።"

እንዲህ ነው የዶሮውን ፋብሪካ የተሰናበትኩት። ልጆቹ "እትዬ" ሲሉኝ ስሜ መስሏት እሷም "እትዬ" ትለኝ ጀመር። በዕድሜ ትበልጠኝ ነበር። አላረምኳትም፤ ከአፏ ሲወጣ ደስ ይለኝ ነበር።

ሁለት ዓይነት ማኅደር ነበራት፤ አረንጓዴው ቋንቋ ለሚለምዱ፣ ቢጫው ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልጋቸው። እየመሸባት ሥዕል በላስቲክ ታለብሳለች፣ ማሽኑ ይንጫጫል፣ እሷም ታወራኛለች። "አንድ ልጅ ዝም ካለ ለምን ዝም እንዳለ ማወቅ ነው ሥራችን" ትለኝ ነበር። "ቋንቋ ያጠረውን ልጅ ወደ ቢጫው ከወረወርነው በደልነው። እርዳታ የሚሻውን 'ቋንቋ ሲለምድ ይተወዋል' ብለን አረንጓዴው ውስጥ ከደበቅነውም በደልነው።" እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ምክንያቱም በገባሁ በወሩ፣ ማባዛቱን ሁሉ በቃሉ የሚወርድ አንድ የእኛን ልጅ 'ሦስት ማዕዘን' በእንግሊዝኛ ማለት አቃተው ብለው ከደካሞቹ ጋር አስቀምጠውት አገኘሁና ተሟግቼ አስወጣሁት። ያ ድል ነው ዓይኔን የጋረደው። ከዚያ በኋላ ቢጫ ማኅደር ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር።

ከዚያ ልጅቷ መጣች። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከእናቷና ከሕፃን ወንድሟ ጋር ከወሎ በሱዳን በኩል የመጣች። ትስቃለች፣ አትናገርም። እኔ አጠገብ ካልተቀመጠች እህል አይወርድላትም። ክፍል ውስጥ ሌሎቹ መጽሐፍ ሲገልጡ ትገልጣለች፤ ሲዘጉ ትዘጋለች። "ቋንቋ ነው" አልኩ። ዓመት አለፈ፤ አሁንም "ቋንቋ ነው" አልኩ። ኃላፊዋ ባለሙያ አስመጥታ አሳየቻትና እናቷን ለሚቲንግ ጠራች። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ።

ኃላፊዋ ቀስ ብላ፣ እናትየዋን ዓይን ለዓይን እያየች ተናገረች። "ልጅሽ ለመማር የተለየ እርዳታ ያስፈልጋታል። የቋንቋ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በቆየን ቁጥር ከእኩዮቿ እየራቀች ትሄዳለች። ሙሉ ቀን አጠገቧ የሚሆን የሠለጠነ ረዳት እንድንጠይቅላት ፈቃድሽን ስጪን።"

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እናትየዋ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣለች። አፌን ከፈትኩ።

"ልጅሽ ጎበዝ ናት ነው የምትልሽ" አልኳት። "ጨዋ ናት። እንግሊዝኛው ሲገባት ሁሉም ይስተካከላል። ትንሽ ትዕግሥት ብቻ ነው።"

ፊቷ በራ። ተነስታ ኃላፊዋን ትከሻዋን ሳመቻት። "አላህ ያክብርልኝ! አላህ ልጆችሽን ያሳድግልሽ!" ፎርሙ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ቀረ። እናትየዋ እየሳቀች ወጣች።

ኃላፊዋ ከበሩ ወደ እኔ ዞረች። "እትዬ፣ ምን አልሻት?"

"ያልሽውን።"

"እኔ ያልኩትን ሰምታ የምትስቅ እናት አላየሁም።"

መዋሸት አልችልበትም፤ ስለዚህ ጮህኩ። ለእናት ልጅሽ ጎዶሎ ናት እንደማይባል ነገርኳት። በእኛ አገር መርዶ እንኳ በጠዋት ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ከበው ነው የሚነግሩት፤ አንቺ በቀትር፣ በወረቀት፣ በፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠሽ! አልኳት። 

"ጎዶሎ ያልኳት እኔ አይደለሁም" አለች። "ያልሻት አንቺ ነሽ።" ከዚያ ፎርሙን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። "ዓርብ ይዘጋል። ካለፈን ልጅቷ አንድ ዓመት ትጠብቃለች።"

በሩን ደርግሜ ወጣሁ። ማታ ለልጄ ነገርኳት፣ ታግዘኛለች ብዬ። "ማም፣ ዩ ላይድ?" አለችኝ። አልዋሸሁም፣ አለዘብኩት እንጂ፣ አልኳት። "ዛትስ ላዪንግ" አለችና ወደ ቴሌቪዥኗ ዞረች። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ!

በማግስቱ ልጅቷን ብቻዋን ወሰድኳት። ኃላፊዋ ተሳስታለች የምልበት ነገር ፈልጌ ነው፣ አልደብቅሽም። በንጹሕ አማርኛ፣ በእናቷ አማርኛ፣ "የኔ ቆንጆ፣ ከቦርሳዬ ብርቱካኑን አውጪ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው፣ ከዚያ በሩን ዝጊ" አልኳት። ብርቱካኑን አወጣች። ይዛው ቆመች። ደገምኩላት። ለእኔ ሰጠችኝ፤ ሳቀችልኝ። ሦስተኛ ጊዜ ስነግራት ከንፈሬን አላየችም፤ ዓይኔን ነው ያየችው። ወዴት እንደማይ አይታ ወደዚያው ልትሄድ ትጠብቃለች። ሳላስበው በሩን አየሁ፤ እየሮጠች ወደ በሩ ሄደች።

የምታነበው ፊቴን ነበር። ዓመት ሙሉ እኔ ቋንቋ ስል፣ እሷ ፊት እያነበበች ነው ክፍል ውስጥ የኖረችው። ስትደክም ኖራለች፤ ማንም አላየላትም። ከሁሉም በላይ ያላየሁላት እኔ ነበርኩ፣ ለፍትሕ ተሟጋቿ። ብርቱካኑን ልጬ ሰጠኋት፤ እኔ ግን አልበላሁም።

ሐሙስ ከሰዓት እናትየዋ ቤት ሄድኩ። ከሚኖሩበት ፎቅ ሥር ልብስ ታሰጣ ነበር። ሕፃኑ በጀርባዋ፣ የልብስ መቆንጠጫው በጥርሷ። ሽማግሌ አላስቀደምኩም። "የዚያን ቀን የነገርኩሽ፣ እሷ ያለችው አይደለም" አልኳት። ያለችውንም ነገርኳት፣ ሁሉንም።

መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣች። "እትዬ፣ እኔ የማላውቅ መስሎሽ ነው? ማን ወለዳት?"

"ታዲያ ለምን ሳቅሽ?"

አንሶላውን ስታቃና ቆየች። "ሕፃን ሳለች ትኩሳት ይዟት መንገድ ላይ ሰነበትን። ከዚያ ወዲህ ልጄን ጎበዝ ያላት ሰው ሰምቼ አላውቅም። አንድ ቀን ብደሰት ምናለበት ብዬ ነው።" ከዚያ ደግሞ በጎን አየችኝና ሳቀች። "አንቺ ግን ለውሸት አልተፈጠርሽም እትዬ። ፊትሽ ቀድሞ ያወጣብሻል።"

ይህን ስነግርሽ አሁንም ፊቴ ይግላል።

ዓርብ ጠዋት ሦስታችንም እዚያችው ክፍል ተቀመጥን። ኃላፊዋ ያንኑ ንግግሯን ከመጀመሪያው ደገመችው፣ እኔም ቃል በቃል አስተረጎምኩ። 'የተለየ እርዳታ' ስል ድምፄ ተሰበረ፤ ግን አልዘለልኩትም።  እናትየዋ ራሷን እየነቀነቀች አዳመጠች።

"አሁን ደግሞ የእኔን ንገሪልኝ" አለች ስጨርስ። "ሳትቀንሺ። ሕፃኑ ሲያለቅስ ማንም ያልቻለውን እሷ ታባብለዋለች በያት። አንዴ ያየችውን ሰው አትረሳም። ቤት ውስጥ የከፋው ሰው ካለ፣ እኔ እናቷ ሳላውቅ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። ይኼም ይጻፍ።"

አስተረጎምኩ። ኃላፊዋ መጻፍ ጀመረች። "የት ላይ ነው የምትጽፊው?" አልኳት፤ ዳር ላይ እንዳታደርገው ፈርቼ።

"መጀመሪያው መስመር ላይ" አለች ቀና ሳትል።

ለፊርማ የጣት ቀለም ላመጣ ስነሳ እናትየዋ ቀሚሴን ያዘችኝ። "ስሜን እጽፋለሁ።" በእንግሊዝኛ ኮርሷ የተማረቻቸውን ፊደሎች አንድ በአንድ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ይዛ ጻፈች። ረጅም ጊዜ ፈጀ። ማንም አላስቸኮላትም።

ኃላፊዋ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ገጠር ትምህርት ቤት ሄደች፤ በየዒዳችን እየደወለች "እትዬ" ትለኝ ነበር፣ ከዚያ ስልኩ ቀረ። ልጅቷ ዛሬ ትልቅ ሴት ናት። ዋይንድሃም ቬል በሚባል ሰፈር ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ በሳምንት ሦስት ቀን ሕፃናት ማዋያ ውስጥ ትረዳለች ሲሉ ሰምቻለሁ።

ያኔ በፎርሙ የጠየቅነው ረዳት የተፈቀደልን ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። የመጣችው ረዳት ወጣት፣ የሠለጠነች፣ ድምፀ ለስላሳ ነበረች። እንከን ልፈልግባት ሞከርኩ፤ አጣሁ። በመጀመሪያው ቀን ልጅቷ የረዳቷን እጅ ይዛ በክፍሌ በር በኩል አለፈች፤ አየችኝና እጇን አውለበለበችልኝ፣ ወደ ክፍሏም ገባች። ቀኑን ሙሉ ወደ እኔ አልመጣችም። ምሳዋንም እዚያው በላች።

ልክ ነበር። ልጅ የሚገባውን እንዲያገኝ ስሟገት የኖርኩት ለዚሁ ነው። ግን አጠገቤ የነበረውን ወንበሯን ለሌላ ልጅ ለመስጠት ሳምንት ፈጀብኝ። ቦርሳዬን አስቀምጥበት ነበር። ኃላፊዋ በየቀኑ ታየዋለች፤ አንድም ቀን አንሺው አላለችኝም።