ንፋስ የመታው ሞተር

መካኒኩ ቬሊሚር በሕይወቱ የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል የሚወጣ ንፋስ። በሞራቫ ወንዝ ዳር ባለችው ከተማቸው ይህን ንፋስ የማይፈራ ሰው የለም፤ የጥርስ ሕመሙም፣ የወገብ ሕመሙም፣ የትዳር ጭቅጭቁም መነሻ እሱ ነው። የቬሊሚር ግን የባሰ ነው። በበጋው ሙቀት አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ ነው መኪና ሥር የሚገባው። ወደ ጋራዡ የመጣ ደንበኛም መጀመሪያ በሩን ይዘጋል፣ ከዚያ ሰላምታ ይሰጣል።

የዚያን ቅዳሜ ግን ንፋሱንም የሚያስረሳ ጣጣ መጣበት። አንድ ልጁ ያስና በማግስቱ ልታገባ ነው፤ እሱም በልጅነቷ ትምህርት ቤት ባመላለሳት አሮጌ ነጭ መኪና ቤተ ክርስቲያን ሊያደርሳት ቃል ገብቷል። መኪናዋ ደግሞ ሰሞኑን ነዳጅ ሳይረገጥ በሚኒሞ ስትሠራ ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች፣ ሁለቴ ትስልና ቀጥ ትላለች። የሙሽራው ወገኖች ጥሩምባ እያስጮኹ ሲከተሉ የመካኒክ መኪና መንገድ ላይ ብትቆም፣ ለቬሊሚር የሚቀረው አገር ጥሎ መሄድ ነው።

ለሞተሩ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ቀየረ፤ ያው ነው። የቤንዚን ማጣሪያውን ቀየረ፤ ያው ነው። ተሳደበ፤ እሱም አልረዳም። በመጨረሻ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካውን ሴንሰር ገመዱን ነቀለው። ሞተሩ ወዲያው ረጋ አለ። ገመዱን መልሶ ሰካው፤ መንቀጥቀጡ ተመለሰ። ያኔ ነገሩ ገባው። ሴንሰሩ ውሸታም ሆኗል፤ ብዙ አየር እየገባ ትንሽ ነው ይላል፣ ሞተሩም አምኖት ቤንዚኑን ይሰስታል።

ፈትቶ ሲያየው ፀጉር የምታክለው ሽቦ ግራጫ የሱፍ ብናኝ ለብሳለች። የአየር ማጣሪያውን ሳጥን ከፈተ። ከማጣሪያው ጀርባ፣ ወደ ሞተሩ በሚወስደው ቀዳዳ አፍ ላይ፣ የእናቱ የእጅ ሥራ የሆነ የሱፍ ካልሲ ተወትፏል።

ሰማንያ ዓመት ያለፋት እናቱ ስታሜና ተጠርታ መጣች።

“እስከ ዛሬ አልወለቀም እንዴ?” አለች በኩራት።

ለካ በረዶ በጣለ ሰሞን ቬሊሚር ማጣሪያ ሊቀይር ሳጥኑን ከፍቶ ምሳውን ሊበላ ገብቶ ኖሯል። እሷ አፉን የከፈተውን ቀዳዳ አይታ አንጀቷ አልቻለም፤ ካልሲውን ወተፈችበት። እሱም ሲመለስ ንፋሱ ማጅራቱን ስለመታው ውስጡን ሳያይ ማጣሪያውን አስገብቶ ክዳኑን ደፍኖ ወደ ቤት ሮጠ።

“እማዬ፣ ሞተር እኮ አየር ካልሳበ አይሠራም።”

“ይሳብ፣ አየሩን ማን ከለከለው። እኔ የከለከልኩት ንፋሱን ነው። አንተንስ በምን ያሳደግኩህ ይመስልሃል?”

ቬሊሚር ሻርፑን ነካ ነካ አደረገ።

የሴንሰር ማጠቢያ የሚሸጠው ሱቅ ተዘግቷል። ስታሜና ጉንፋን የያዘው ደረት የምታሽበትን የፕሪም አረቄ አመጣች። ቬሊሚር ቀመሰው፤ እሳት ነው። ለጥንቃቄ ደግሞ ቀመሰና ሽቦዋን ቀስ አድርጎ አለቅልቆ አደረቃት። መኪናዋ ተነሣች፤ አንዴም አላሳላትም።

“ብርድ ነው የመታት አላልኩም?” አለች እናቱ፣ ጠርሙሱን እየቀማችው።

በማግስቱ ያስና ከነቀሚሷ የኋላ ወንበሩን ሞላችው፤ አያቷ ጥግ ላይ ተጣበቀች።

“አባዬ፣ መስኮት ክፈትልኝ፣ ኩሌ በላብ ወረደ።”

ቬሊሚር ከፈተ። ከዚያ በወዲያ በኩል ያለውንም ከፈተ። ስታሜና ሻሿን አጥብቃ አሰረች።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሙ። ሞተሩ እንደ ጠገበ ድመት ያንኮራፋል። ቬሊሚር አላጠፋውም።

“አባዬ፣ ደርሰናል እኮ።”

“ትንሽ ይሥራ፣ እንዳይበርደው።”

ትናንት ሙሉ ቀን መኪናዋ መንገድ ላይ እንዳትቆም ሲለፋ ዋለ። አሁን ግን ምነው ያለፉት ድልድይ ጋ በቆመች፣ ልጁም ሌላ አንድ ሰዓት የእሱ ሆና በቆየችለት ብሎ ተመኘ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ንፋሱ ነው አላቸው። በዚህ ማንም አልተከራከረውም።

ስታሜና ከቦርሳዋ ታጥቦ የታጠፈውን ካልሲ አውጥታ ለሙሽራዋ ሰጠቻት።

“እንኪ ልጄ። የባልሽ ቤት መስኮት ንፋስ በሚመጣበት በሰሜን በኩል ነው።”

ያስና ካልሲውን ከአበባዋ ጋር ይዛ ወረደች። ቬሊሚርም ሞተሩን አጠፋ።