ለሚፈርስ ቤት ነጭ አፈር

እርጥብ ጭቃ በሸተተኝ ቁጥር ያለሁበትን እረሳለሁ። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቶቼ ማድቤታቸውን ሲመርጉ ሽታው በመስኮት ገባና ላሰጣው ያወጣሁትን ልብስ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ጭድ፣ እበት፣ ዝናብ የጠጣ አፈር። ለሌላ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለእኔ ግን የእናቴ መስከረም ነው።

ያኔ ሆሳዕና ውስጥ አንዲት ክፍል የጭቃ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር፣ አባቴ፣ እናቴና እኔ። ቤቷ በጣም ከመጥበቧ የተነሳ አንዱ ካልተቀመጠ ሌላው አያልፍም። አከራያችን ከፊት ለፊታችን ሱቅ ያላቸው ደግ ሴት ነበሩ። በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ መጥተው፣ ከበዓሉ በኋላ ቤቱን አፍርሰው በብሎኬት ሊሠሩ እንደሆነ ነገሩን። አባቴ አንገቱን ደፋ። እናቴ ግን «ከበዓሉ በኋላ ነው አይደል?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

ምክንያት ነበራት። ያሆዴ በመስከረም አጋማሽ የሚውል የሀዲያ ዘመን መለወጫ ነው፤ እኛ ሰፈር ቤቱን ሳያስውብ በዓሉን የሚቀበል ሰው አልነበረም። በዚያ ዓመት ደግሞ የአባቴ እናት ከሞርሲቶ እንደምትመጣ መልእክት ልካብን ነበር። አያቴ እናቴን አትወዳትም ነበር፣ ምን እደብቅሃለሁ። ለልጇ የጎረቤቷን ልጅ አስባለት ሳለ እሱ ከሙዱላ ሀዲይኛ የማትችል አስተማሪ አገባ። ተቀየመች፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ደጃችንን አልረገጠችም። ለእናቴ አማቷን በራሷ ቤት በክብር የምትቀበልበት ቀን መጣላት ማለት ነው። ቤቱ ሊፈርስ መሆኑ ግድ አልሰጣትም።

በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ ጭቃ ትረግጥ ነበር። አከራያችን አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ልጄ፣ ለሚፈርስ ቤት ምን አደከመሽ?»

«እስኪፈርስ ድረስ እኮ ቤቴ ነው እትዬ።»

ስንጥቁን ሁሉ በመዳፏ ደፈነች። እጇ ግድግዳው ላይ ሲሄድ ሻ… ሻ… ይላል። ከዚያ ነጩን አፈር በውኃ በጥብጣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ክንዷ እስከደረሰበት ድረስ፣ አንዴ ሳታቋርጥ ትቀባዋለች። ዛሬ የእኔን ቤት ቀለም የሚቀቡልኝ ጎበዝ ባለሙያዎች ናቸው፣ አልዋሽም። እንደ እናቴ ግን ‹ስሠራ እዩኝ› ሳይል እጁ እንዲያ አምሮ የሚሠራ ሰው አላየሁም።

ግን ቸኮለች። ዝናቡ በዚያ ዓመት አልወጣ ብሎ ነበርና ጭቃው ሳይደርቅ ነጩን ስትደርብበት ዥንጉርጉር ሆኖ ወጣ። አንዷ ጎረቤት በበር ብቅ ብላ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!» ብላ ሳቀች። እናቴም ሳቀች፤ ከዚያ ሁሉንም ፍቃ እንደገና ጀመረች። በዓሉ ሊገባ ሁለት ቀን ነበር የቀረው። ከሰል አያያዝንና ምድጃውን ከግድግዳው ሥር እያዞርን ሁለቱንም ቀን ስናደርቅ ዋልን አደርን።

በበዓሉ ጠዋት ግድግዳው ነጭ ሆኖ አደረ። መሬቱ ላይ ሣር ጎዘጎዝን፤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የለቀምኩትን አደይ አበባ በወተት ጣሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። በሩ ሲከፈት ብርሃኑ ግድግዳውን መትቶ ይመለስና ያቺን ጠባብ ክፍል ሰፊ ያስመስላታል። ኮራሁ። እናቴ ጆሮዬ ሥር «ግድግዳው ውስጡ አልደረቀም፤ አያትሽ እንዳትደገፍ ቀስ ብለሽ ንገሪያት» አለችኝ።

አያቴ ነጠላዋን አጣፍታ ገባች። ሳመችኝ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። አፈርኳትና ሳልነግራት ቀረሁ። የበዓሉ ምግብ፣ በቅቤ የራሰው አታካና፣ ቀርቦ ለጸሎት ስትነሳ ጀርባዋ ሁሉ ነጭ ሆኗል፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ጭቃው ተገልጦ ቀርቷል።

«እማማ ይቅርታ… አልደረቀም ነበር» አለች እናቴ።

አያቴ ዞራ ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ አየችው።

«ማነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ።»

«ስታስተምሪ እየዋልሽ? ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

ነጠላዋን አውልቃ ለእኔ ሰጠችኝ። «ነጩ አፈር ተርፏል?»

«ኧረ እማማ፣ በበዓል ቀን!»

«ቤት ያበላሸ ሰው ቁጭ ብሎ ይበላል እንዴ? አምጪ ባክሽ።»

አታካናው እየቀዘቀዘ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ግድግዳ ቀቡ። የአያቴ እጅ ከላይ ወደ ታች ነበር የሚሄደው። ጭዱ መድቀቅ ነበረበት ብላ ተቆጣች፤ እናቴ ቁጣውን እንደ ምርቃት ተቀበለችው። በኋላ አያቴ እስከ ክርኗ ነጭ እንደሆነች ወደ አባቴ ዞራ በሀዲይኛ አንድ ነገር አለችው። አባቴ ሊተረጉም አፉን ሲከፍት የእናቴ እንባ ቀደመው። ገብቷት ኖሯል።

«የጎረቤቴ ልጅ እንዲህ አትችልም ነበር» ነው ያለችው።

ብረት ተወደደና ቤቱ ሳይፈርስ እስከ ሚያዝያ ቆየ። አያቴ ግን እስከ ሚያዝያ አልቆየችም፤ የካቲት ላይ ሞርሲቶ ቀበርናት። እሷ የቀባችው የግድግዳ ቁራጭ ሲደርቅ ከሌላው ተለይቶ ወደ ታች እየተሰመረ ታይቶ ነበር። እናቴ ለፋሲካ ቤቱን ስታድስ ያንን ቦታ አልነካችውም።

ጣሪያውና የፊቱ ግድግዳ የተነሳ ቀን ነጩ ግድግዳችን ለመንገዱ ተገለጠ። በባጃጅ የሚያልፉ ሰዎች ሳይቀሩ ዞር እያሉ ያዩት ነበር፤ እኔም ለማላውቀው ሰው ሁሉ «እናቴ ናት የሠራችው» እል ነበር። እናቴ ከቤት የወጣውን ፍራሻችንን ተደግፋ ቆማለች። ሠራተኛው ዶማውን ከውጭ በኩል አሳረፈ፤ በሦስተኛው ምት የአያቴ ቁራጭ ተገምሶ ወደቀ።

«የእማማን እጅ አፈረሱት» አለች። ስለ ቤቱ አንድም ቃል አልተነፈሰችም።